በ400 ብር የሚሸጥ የኦንላይን ቢዝነስ መመሪያ ምን ሊሰጠን ይችላል?

«ከቤትዎ ሳይወጡ፣ በስልክዎ ብቻ፣ በወር ይህን ያህል ዶላር!» ይላል ማስታወቂያው። ከሥሩ ዋጋው ተጽፏል። 300 ብር፣ 400 ብር፣ ቢበዛ 1,000 ብር። በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ስክሪንሹቱን ታያይዛላችሁ፣ ከዚያ ፒዲኤፍ ወይም የዝግ ቴሌግራም ግሩፕ ሊንክ ይላክላችኋል። ዋሽንግተን ላለ ሰው ያው ነገር በዶላር ይመጣለታል።

ማን እንደሚገዛው እናውቃለን። ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ይገዛዋል። ልጇን የሚይዝላት አጥታ ቤት የቀረች እናት ትገዛዋለች። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሆና «ኮንትራቴ ሲያልቅ አገር ገብቼ ምን እሠራለሁ?» እያለች የምትጨነቅ እህት ትገዛዋለች። ስለዚህ «የሚገዛው ሞኝ ነው» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ሊነገራቸው የሚገባው ነገር ለ400 ብር ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጥሩ መመሪያ የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳውቃል። ደንበኛ ግን አይሰጥም። ገንዘቡ እጃችሁ የሚገባበትን መንገድም አብዛኛዎቹ አይነግሯችሁም። ለእኛ ደግሞ ዋናው ችግር ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለመመሪያዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። ሙያን በኦንላይን መሸጫው ፋይቨር ምን እንደሆነ፣ ፕሮፋይል እንዴት እንደሚሞላ፣ የዕቃ ፎቶ በምን ብርሃን እንደሚነሳ፣ «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ደንበኛ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በአማርኛ ማግኘት ይጠቅማል። መረጃው በነፃ የለም ማለት አይደለም። ዩቲዩብም ፋይቨርም የእጅ ሥራ መሸጫው ኤትሲም የየራሳቸው የእገዛ ገጽ አላቸው፤ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ የተበታተነ ነው፣ ዳታም ይበላል። የብዙ ቀን ፍለጋ የሚያስቀር ንጹሕ ጽሑፍ ለ400 ብር ውድ አይደለም። የከፈላችሁት ለተቆጠበላችሁ ጊዜ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ አይከፋችሁም። የከፈላችሁት ለገቢ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ግን በሁለተኛው ሳምንት ታዝናላችሁ።

የሻጩንም ሂሳብ እንየው። አንድ ፒዲኤፍ አንዴ ተጽፎ ለ500 ሰው በ400 ብር ቢሸጥ 200,000 ብር ነው። ለማባዛት አንድ ሳንቲም አይወጣበትም። ይህ በራሱ ነውር የለውም። የመማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅም ሰው የሚኖረው በሽያጭ ነው። ነገር ግን ሻጩ «በዚህ ዘዴ ይህን ያህል አገኘሁ» ሲል አንድ ጥያቄ ልንጠይቀው ይገባል። ገንዘቡን ያገኘው ዘዴውን ሠርቶበት ነው ወይስ ዘዴውን ለእኛ ሸጦ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛው ከሆነ መመሪያው የሚያስተምረው ሻጩ ራሱ የማይሠራውን ሥራ ነው። የባንክ ሂሳብ ስክሪንሹት ለዚህ መልስ አይሆንም። ማንም ስልክ ያለው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያቀናብረው ይችላል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ገንዘቡ በየት በኩል ይገባል?

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ መመሪያዎች ከእንግሊዝኛ የተገለበጡ ናቸው። ዋናው ጸሐፊ የሚኖረው ክሬዲት ካርድ፣ የተረጋገጠ የቤት አድራሻና በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያና መቀበያው ፔይፓል ባለበት አገር ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ምዕራፍ በአንድ መስመር ይዘጋዋል። «ከዚያ ገንዘብዎን ወደ ባንክዎ ያስተላልፉ» ይላል። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ላለ አንባቢ ግን ፈተናው ገና እዚያ ላይ ይጀምራል።

ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ለተከፈተ አካውንት የሚፈቅደው መላክና መክፈል ነው፤ መቀበል አይፈቅድም። ለኦንላይን ሱቆች የካርድ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አብዛኛዎቹ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የቆሙባቸው ምሰሶዎች ናቸው። ድሮፕሺፒንግን እንውሰድ። መመሪያው ሾፒፋይ በሚባለው ድረ ገጽ የኦንላይን ሱቅ ክፈቱ፣ ከቻይና አቅራቢ ዕቃ ምረጡ፣ አሜሪካ ላለ ደንበኛ ሽጡ፣ አቅራቢው በቀጥታ ይልክለታል ይላል። ሐሳቡ ራሱ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ለሱቁ ወርኃዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ለማስታወቂያ በዶላር ይከፈላል። ደንበኛው የሚከፍለውን የሚቀበል የክፍያ በር፣ ማለትም ክፍያ የሚያስተላልፍ አገልግሎት፣ ያስፈልጋል። ደንበኛው ዕቃውን ሲመልስ የሚመለስለት ገንዘብም ያስፈልጋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሱቁ ክፍት ሆኖ ሥራው ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያ «መፍትሔ» ብሎ የሚያቀርበው አንድ ነገር አለ፤ በተለይ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። «አሜሪካ ያለ ዘመድ በስሙ አካውንት ይክፈትላችሁ» ወይም «የተረጋገጠ አካውንት ግዙ» ይላል። የሚገዛ አካውንት የሌላ ሰው መታወቂያ ያለበት አካውንት ነው። ፔይፓልም እንደ ፋይቨር ያለው አፕወርክም ሌሎቹም አካውንት ለሌላ ሰው ማስተላለፍን ይከለክላሉ። መግቢያው ከአንድ አገር፣ ባለቤቱ ከሌላ አገር መሆኑን ሲያዩ መታወቂያና ፎቶ ይጠይቃሉ። ያን ማቅረብ ካልተቻለ ገንዘቡ እዚያው ይቆለፋል። ስክሪኑ ላይ ዶላሩ ይታያል፣ እጅ ግን አይገባም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

የዘመድ ነገር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስታችሁ ልጅ በስሟ አካውንት ስትከፍት የሚገባው ገንዘብ በአሜሪካ መንግሥት ፊት የእሷ ገቢ ነው። የክፍያ ድርጅቶች ሽያጩ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ሪፖርት ያደርጋሉ። በዓመቱ መጨረሻ ቅጹ የሚመጣው ወደ እሷ ቤት ነው። እዚያ አገር ከግል ሥራ የሚገኝ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ወንድሜን ልርዳ ብላ የገባች ልጅ ያልሠራችው ገቢ ላይ ማብራሪያ ስትሰጥ ትገኛለች። ቤተሰብ የሚያጣላ ነገር ነው። ማድረጋችሁ ካልቀረ ቢያንስ ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የግብር ባለሙያም ትጠይቅ።

በብር የሚሸጥ ሥራ ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ ቆይቶ ገባ። ዛሬ ደሴ ያለ ሰው አዲስ አበባ ካለ ደንበኛ ክፍያ ለመቀበል ስልኩ ይበቃዋል። ትንሽ ከፍ ያለ ሱቅ ያለው ሰው እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ባሉ የአገር ውስጥ የክፍያ በሮች ድረ ገጹ ላይ ክፍያ መቀበል ይችላል። የሚገርመኝ ነገር በብዛት የሚሸጠው መመሪያ የዶላሩ ነው። የመሳካት ዕድሉ የተሻለው ግን የብሩ ነው። የቤት ውስጥ ዳቦ፣ የልጆች ልብስ፣ የማትሪክ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የዲዛይን ሥራ ለሰፈር ሱቆች፤ እነዚህ ደንበኛቸው ቅርብ ነው፣ ክፍያቸውም ይገባል። ይህን በሚገባ የሚያስረዳ የ400 ብር መመሪያ ካገኛችሁ ግዙት።

ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

መመሪያ ስታነቡ ቁጥሮቹን በወረቀት አስፍሩ። ሻጩ ያላሰፈራቸውን ወጪዎች እናንተ አስገቡ። ለምሳሌ ያህል ብቻ እንዲህ እናድርግ። ከመርካቶ 10 የልጆች ሹራብ በ600 ብር ገዛችሁ እንበል። 6,000 ብር ወጣ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በ850 ብር ለጠፋችሁ። መመሪያው «በአንዱ 250 ብር ትርፍ፣ በአሥሩ 2,500» ይላል። አሁን የመጀመሪያውን ወር እንየው። ስምንቱ ተሸጠ፤ 6,800 ብር ገባ። ሁለት ደንበኞች ሞተረኛው በር ላይ ደርሶ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አሉ፤ የደርሶ መልሱን 300 ብር እናንተ ከፈላችሁ። ለኢንተርኔት ፓኬጅ 400 ብር ወጣ። የቀረው 100 ብርና ሁለት ያልተሸጠ ሹራብ ነው።

ይህ ውድቀት አይደለም፤ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ወር እንዲህ ነው። ከእሱ የምታገኙት ዕውቀት ግን ውድ ነው። የትኛው ልክ ቶሎ እንደሚሄድ አወቃችሁ። ቅድሚያ ክፍያ ካልተቀበላችሁ ሞተረኛ መላክ እንደማያዋጣ አወቃችሁ። የሚጠይቀው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት መሆኑን አወቃችሁ። በሁለተኛው ወር ሂሳቡ የሚሻሻለው በዚህ ነው። ይህን የትኛውም ፒዲኤፍ ሊሰጣችሁ አይችልም፤ ምክንያቱም የእናንተ ሰፈር፣ የእናንተ ዕቃና የእናንተ ደንበኛ ጉዳይ ነው። መመሪያው «በመጀመሪያው ሳምንት» የሚል ቃል ከገባ ይህን ወር ዘሎታል ማለት ነው።

ዩቲዩብም ተመሳሳይ ሂሳብ ይፈልጋል። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ያስፈልጋል። አጫጭር ቪዲዮ ለሚሠራ ደግሞ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ዕይታ። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ቢቆይ 60,000 ጊዜ መታየት አለበት። ያም የመግቢያ በሩ ብቻ ነው። ከገባችሁ በኋላ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው የእናንተ ነው። ግን ክፍያው የሚላከው ሂሳቡ 100 ዶላር ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የጉግል የማስታወቂያ ክፍያ አገልግሎት የሆነው አድሴንስ የማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ስለሚልክ የሚሠራ የፖስታ አድራሻ ያስፈልጋችኋል። የማስታወቂያ ዋጋ ተመልካቹ ባለበት አገርም ይወሰናል። ለዚህ ነው የአማርኛ ቻናሎች አሜሪካና አውሮፓ ያለውን ወገን የሚፈልጉት፤ እዚያ አስተዋዋቂው የበለጠ ይከፍላል። ቲክቶክ ለቪዲዮ ዕይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም የተከፈተው ደግሞ ለጥቂት አገሮች ነዋሪዎች ብቻ ነው።

ሳይቀጠሩ በሙያ በመሥራት፣ በፍሪላንስ ላይ ብዙ አልቆይም። ሙያ ካላችሁ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ሙያ ከሌላችሁ መመሪያው ሙያ አይተካም። ፋይቨር ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 በመቶ ይወስዳል። ለጀማሪ የቀረው ገንዘብም ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ 14 ቀን ይያዛል። አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት ራሱ ኮኔክት የሚባል ነጥብ ይከፈላል፤ ሲያልቅ በዶላር ይገዛል። የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ሙያውን ተማሩ። ግራፊክስም ይሁን ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም የሒሳብ መዝገብ ሥራ፣ መመሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ርካሹ ዋጋ መግቢያ ብቻ ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ 400 ብሩ የመጀመሪያው ክፍያ ነው። ፒዲኤፉን ስታነቡ ቁልፍ የሆነው ክፍል ላይ ስትደርሱ «ዝርዝሩ ቪአይፒ ግሩፕ ውስጥ ነው» ይላል። ቪአይፒው 3,000 ብር ነው። ከዚያ «በግል የሚከታተላችሁ ሜንተር» ይመጣል። እሱ 15,000 ነው። በየደረጃው አንድ ዓይነት ነገር ይነገራችኋል። እስካሁን ያልተሳካላችሁ የሚቀጥለውን ደረጃ ስላልገዛችሁ ነው።

ይህ አሠራር እኛ ጋ የተፈለሰፈ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 2018 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን «ማይ ኦንላይን ቢዝነስ ኤዱኬሽን» የተባለ ድርጅትን ከሰሰ። ድርጅቱ 21 ደረጃ ያለው የኦንላይን ቢዝነስ ትምህርት በ49 ዶላር ይሸጥ ነበር። የገቡት ሰዎች ግን በትምህርቱ መሐል የአባልነት ደረጃ እንዲገዙ ይገፋፉ ነበር። ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ድረስ ይደርስ ነበር። ኮሚሽኑ በክሱ እንደገለጸው ከሰዎች የተሰበሰበው ከ125 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የሚሸጠው «የቢዝነስ ዘዴ» ዋና ይዘቱ ያንኑ አባልነት ለሌላ ሰው መሸጥ ነበር። በ2022 ኮሚሽኑ ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለተጎጂዎች መልሷል። የተመለሰውና የተሰበሰበው ያላቸውን ርቀት ልብ በሉ።

«ሁለት ሰው አምጡና ኮሚሽን ታገኛላችሁ» የሚል መመሪያ ሲገጥማችሁም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ገቢው ከዕቃ ወይም ከአገልግሎት ሳይሆን ከሚቀጥለው ገዢ የሚመጣ ከሆነ ፒራሚድ ነው። ፒራሚድ ሽያጭ በኢትዮጵያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። መጨረሻ ላይ የገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ዘመዶችና ጓደኞች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ የተወሰኑ ዓይነት የሥራ ዕድል ሻጮች ላይ የሚሠራ ደንብ አለ፤ ከአውሮፓውያኑ 2012 ጀምሮ አሁን ባለው መልኩ ይሠራል። ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ ወይም ውል ከማስፈረሙ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ አንድ ገጽ መግለጫ ይሰጣል። በማጭበርበር ተከሶ ያውቅ እንደሆነ፣ ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ፣ ቀድመው የገዙ ሰዎች ማን እንደሆኑ ይጽፋል። ስለ ገቢ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ያን ያህል ያገኙት ስንት ሰዎችና ከገዢዎቹ ስንት በመቶ እንደሆኑ በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ደንቡ ጎንደር ላለ ሰው አይሠራም። ጥያቄዎቹን ግን መዋስ ይቻላል። ሻጩን በኢንቦክስ ጠይቁት። «ከገዙት ውስጥ ስንቱ ናቸው የመጀመሪያውን ገንዘብ ያገኙት? አንዱን ላናግረው እችላለሁ? ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ በምን በኩል ነው የሚወጣው? መመሪያው የተጻፈው መቼ ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የክፍያና የአባልነት ሕጎች በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ የሦስት ዓመት መመሪያ ግማሹ ላይሠራ ይችላል። ሐቀኛ ሻጭ ይመልሳል፤ «ይህን አላውቅም» ቢልም እንኳ ይመልሳል። «ቦታው ሊያልቅ ነው፣ ዛሬ ማታ ዋጋው ይጨምራል» የሚል መልስ ከመጣ ተዉት። ፒዲኤፍ ቦታ አያልቅበትም።

የሻጩ ማንነትም ይጠየቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኦንላይን የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን ለገዢ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስሙ «አድሚን» ብቻ የሆነ ሻጭ ይህን አላሟላም። እናንተም ነገ ሻጭ ስትሆኑ ሕጉ ለእናንተም ነው። በቋሚነት የሚሸጥ ሰው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ምዝገባው ኢትሬድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በኩል በኦንላይን ይሠራል። እስራኤል ውስጥ ቴል አቪቭ ወይም ኔታኒያ ያለ ሰው ደግሞ አነስተኛ ሥራውን ኦሴክ ፓቱር፣ ማለትም ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሆነ አነስተኛ ነጋዴ፣ ብሎ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ መመሪያ ስለ አንዱም አያነሳም።

ገንዘቡን ከፍላችሁ የተበላችሁ ከሆነ ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የቴሌብር ደረሰኙን፣ የሻጩን ስልክ ቁጥር፣ የቻናሉን ስምና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሹት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ቻናሉ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ለከፈላችሁበት ድርጅት የደንበኞች አገልግሎትና ለፖሊስ አመልክቱ። አሜሪካ ያላችሁ የንግድ ኮሚሽኑ የማጭበርበር ጥቆማ መቀበያ ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት አድርጉ፤ እንደ ላይኛው ያሉ ክሶችን ለመጀመር እንደነዚህ ያሉ ጥቆማዎች ይረዳሉ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ሊደውል ወይም ሊጽፍ ይችላል። «የተበላብዎትን ገንዘብ አስመልሳለሁ፣ ለሥራ ማስኬጃ ትንሽ ብቻ ይላኩ» ይላል። ይህ ሁለተኛው ዙር ማጭበርበር ነው። የተጎጂዎች ስምና ስልክ ስለሚሸጥ ማን እንደተበላ ያውቃሉ። ለእሱ ምንም አትላኩ።